ውርጭ ላይ ያደረ ቅቤ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7

ጠመንጃው ሦስት ጊዜ ከሽፏል። እቴ ሙሉ ይህን የነገረችኝ የቅቤ ቅሏን ጓዳ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አራግፋ፣ ውሃ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ቀድማ ብትነግረኝ ውሃውን መስጠት እንደምረሳ ታውቃለች።

እቴ ሙሉ ከጮቄ ግርጌ ረቡዕና ቅዳሜ ቅቤ ይዛ ደብረ ማርቆስ ገበያ ትመጣለች። ጣሊያኖቹ የሚያዩት ቅቤዋን ነው። እኔ የምጠብቀው ከባሌ ከጌታሁን የምታመጣልኝን ቃል ነው። ጌታሁን አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ሰባተኛ ሳምንቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ሸንተረሩ ላይ ዘብ ያደረው ጌታሁን ነበር። ጎህ ሲቀድ የጣሊያን ወታደሮች ከታች ብቅ አሉ። ቀድሞ ተኩሶ ሌሎቹን ማንቃት የእሱ ድርሻ ነው። ቃታውን ሳበ፤ ጠመንጃው ዝም። አቀባብሎ እንደገና ሳበ፤ ዝም። ሦስተኛም እንዲሁ። ጮኾ ቀሰቀሳቸው፤ ተታኩሰው አመለጡ። አንድ ሰው ግን ክንዱን ቆስሏል።

በኋላ ጥይቶቹን አውጥተው አዩ። ቃታ ሲሳብ የጥይቱን ጀርባ የሚመታ ቀጭን ብረት አለ፤ መርፌ ይሉታል። የመርፌው ምልክት በአንዱም ጥይት ላይ የለም። ምልክት ከሌለ ቃታ አልተሳበም፤ ፈርቷል አሉ።

"እሱ ምን አለ?" አልኳት።

"ምንም። ዲዳ ሆነ።"

አለቃቸው ጠመንጃውን ተቀብሎታል። ማክሰኞ ጠዋት ተቀምጠው ይወስናሉ። ከፈረዱበት የአባቱ ምንሽር ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሱ ይባረራል። ተባርሮ የት ይገባል? እዚህ ስሙ ተጽፎ ጣሊያኖቹ እጅ አለ፤ ከመጣ ይሰቅሉታል። ቢተርፍ እንኳ ፈሪ ተብሎ ነው የሚተርፈው።

ጌታሁን እባብ ይፈራል። የእናቱን ቁጣ ይፈራ ነበር። ጥይት ሲፈራ ግን አላየሁም።

ጠመንጃው ከቤት ሲወጣ ደኅና ነበር። የሄደ ዕለት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ባዶውን ደጋግሞ ስቦታል። ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። ድምፁ አሁንም በጆሮዬ አለ።

ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ከዚያ በፊት የውስጡን ብረት ፈቶ የሰጠው ለእኔ ነው። ዝገት እንዳይበላው ለጋ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። በአገራችን ጠመንጃ እንደ አራስ ልጅ በቅቤ ነው የሚታሸው፤ ሌላ አላውቅም። ደግሞም አልሰሰትሁም። ጣቴ የማይገባበትን በእንጨት ጫፍ እየዛቅሁ ሞላሁት።

ፀሐይ ሳትገባ ሦስት ገል አጥቤ በአንዱ ቅቤ፣ በአንዱ የኑግ ዘይት፣ በአንዱ የጉሎ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ሌሊቱ ምን እንደሚያደርጋቸው ለማየት አጥሩ ሥር አኖርሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

ምንጭ ወርጄ ስመለስ ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ነበር። ገሎቹን አዘነበልኋቸው። ሦስቱም ይወርዳሉ። ቅቤው ቀልጦ እንደ እንባ ኩልል ይላል።

እፎይ አልሁ። ቀጥሎ አፈርሁ። እኔ ነፃ ከወጣሁ እኮ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ገበያው ዳር አያ ኑሩ ልብስ ሰፊው ደጅ ሳልፍ የሚገርም ነገር አየሁ። የስፌት መኪናውን ከጠረጴዛው አውርዶ፣ ከሥሩ በገል ፍም አድርጎ፣ እሱም እጁን ዘርግቶ አብሮ ይሞቃል። አያ ኑሩ የጣሊያን ወታደሮችን ሱሪ ስለሚሰፋ ጎረቤቱ ሰላም አይለውም። እኔም ከአንገት በላይ ነበር ሰላምታዬ። ዛሬ ግን ቆምሁና ምን ሆነህ ነው አልሁት።

"እታለም፣ እኔና መኪናዬ አርጅተናል። ጠዋት ጠዋት ካልሞቅን ሁለታችንም አንላወስም።"

ከዚያ አወራልኝ። ሰው ጠፍቶበት ነው መሰለኝ ብዙ አወራ። የመኪናው ዘይት ሌሊት ሲበርደው ይወፍራል፤ መዘውሩን እንደ ጭቃ ይይዘዋል። ሲሞቅ ይቀጥንና መርፌዋ ትሮጣለች። በማለዳ ሳትሞቅ በግድ ቢነዳት ክር ትበጥሳለች። የካሚዮን ነጂዎቹም እንዲሁ ናቸው አለ፤ ጠዋት ከካሚዮኑ ሆድ ሥር እሳት አንድደው ዘይቱን ካላሞቁ ሞተሩ አይነሣላቸውም። ያው ዘይት ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ እንደ ውሃ ይቀጥንና ያስቸግራቸዋል።

"ያው ዘይት?" አልሁት።

"ያው ራሱ። ዘይቱ ምን ያድርግ፤ ሰዓቱና አገሩ ነው የሚለውጠው።"

እዚያው ደጁ ላይ ገባኝ። ገሎቹን ያየሁት በተሳሳተ ሰዓት ነው። ጌታሁንም ጠመንጃውን የሞከረው ምድጃ አጠገብ ነው። ሸንተረሩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምድጃ ሙቀት አልነበረም።

የቤቴ በር ቁልፍ ስለጠበቀኝ ከስፌት መኪናውም፣ ነጂዎቹ ከተዉለት ከካሚዮኑም ዘይት አንዳንድ ጠብታ ስጠኝ ብዬ ለመንሁት። ሰጠኝ። ምንም አልጠየቀኝም፤ ያ ደግሞ አስፈራኝ።

አሁን ገሎቹ አምስት ሆነዋል። ጌታሁን ያለበት ጮቄ ብርዱ ከዚህ ይብሳል። እንዲበርዳቸው ብዬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ነፋስ ወደሚመጣበት አዞርኋቸው። የአባቴን የሣጥን ቁልፍም ጨመርሁ። ሲከፈት አንገቱ ሞላ በሚሉት ጥምዝ ሽቦ ተገፍቶ ብድግ የሚል ነው። ሆዱን በቅቤ ሞላሁት፤ ልክ ጠመንጃውን እንዳደረግሁት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ዶሮ ሲጮኽ ወጣሁ። ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየሁ። አባቴ ጸሐፊ ነበር፤ የብራናውን መስመር የማሰምርለት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ አንድም ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ቅቤ፦ ደርቋል። ገሉን ገለበጥሁት፤ አልወደቀም። በጥፍሬ ነው የፋቅሁት።
የካሚዮን ዘይት፦ ይንቀሳቀሳል ማለት ይከብዳል። ከዳዊት አንድ መዝሙር እስክደግም ድረስ አንዲት ጣት አልሄደም።
ጉሎ፦ እንደ ወፍራም ማር።
ኑግ፦ ይወርዳል፤ ግን ጠርዙ ላይ ስስ ቆዳ አበጅቷል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል።
የስፌት መኪናው ዘይት፦ ገሉን ገና ሳነሣው ወረደ።

ቁልፉን ከፈትሁት። የውስጡ ብረት ሲዞር ይሰማኛል፤ አንገቱ ግን አልተነሣም። ሞላው ገፋ፣ ገፋና ቅቤው ውስጥ ሰጠመ። ብብቴ ሥር ጥቂት አቆየሁት። ጠቅ አለና ተነሣ።

ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ቃታውን ስቧል። ሦስት ጊዜ ስቧል። መርፌው ነው እኔ የቀባሁት ቅቤ ውስጥ ተይዞ ጥይቱ ጋ ያልደረሰ።

አራት ሰዓት ላይ አያ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ። ያ ዘይት ጥሩ ነው፣ ቁልፌን አላላልኝ፣ ትንሽ ጨምርልኝ አልሁት። ከሚሰፋው ቀና አላለም።

"የበር ቁልፍ ውርጭ ላይ አያድርም፣ እታለም።"

ጉዳዬን ለጣሊያን ልብስ ሰፊ ገልጬ ሰጠሁ ብዬ አሰብሁ። እሱ ተነሣና ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ያለው ዘይት ሁሉ ያ ነው፤ ከሁለት ጣት አይበልጥም።

"ለአንተስ?" አልሁት።

"የካሚዮኑን አሞቃለሁ። የእነሱን ሱሪ ለመስፋት የሚያስቸኩለኝ የለም።"

ጠርሙሱን ነጠላዬ ውስጥ ሲያስገባልኝ ብዙ አትቀቡ አለኝ። አንድ ጠብታ፣ ከዚያም ጠረግ። ብዙ ከሆነ ቀጭኑም ይወፍራል። ኑግ ደግሞ እንዳትሞክሩ አለ፤ ወጣት ሳለ መኪናውን ኑግ አጠጥቶ ሳምንት ሳይሞላ እንደ ሙጫ ተጣብቃበት ነበር። "አትቀቡ" ነው ያለው። አትቀቢ አላለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

እቴ ሙሉ መጣች። ሁሉንም ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች።

"አንቺ ልጅ፣ ጠመንጃ ነው ያስታጠቅሽው ወይስ ቅል?"

ቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልሁ። ከዚያ ግን ከባዱን ነገር አነሣች። ሚስቱ ላከች ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል፣ የሴት ማመካኛ ነው ብለው ይስቁብናል አለች። ልክ ናት። ስለዚህ በዓይናቸው ይዩ አልኋት። ማክሰኞ ከመቀመጣቸው በፊት የጌታሁን ጠመንጃ እንደነበረ ሌሊቱን ውጭ ይደር። ጎህ ሲቀድ፣ እሳት ሳይነድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ አለቃው ራሱ ይሳበው።

"ረፋድ ላይ ቢስቡትስ?"

"ረፋድ ላይ ይተኩሳል። ያን ጊዜ ጌታሁን አለቀለት።"

ይህን ስነግራት ራሴ ደነገጥሁ። የአንድ ሰው ስም በአንዲት ሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል።

ወረቀት አይያዝም። እቴ ሙሉ ፊደል አታውቅም፤ ጭንቅላቷ ግን አንዲት ቃል አይጥልም። በጣቷ አስቆጠርኋት። ጠመንጃው ጎህ ሲቀድ ይታይ። ታይቶ ካበቃ በኋላ ብረቱ ተፈትቶ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ በደንብ ይድረቅ። አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ መጥረግ። ወደ በረሃ የወረዱ እንደሆነ ይህ ዘይት ቀጥኖ ስለሚሸሽ ቶሎ ቶሎ ይመልከቱት።

አምስተኛ ጣቷን ያዝሁ።

"ቅቤውን የቀባሁት እኔ መሆኔን ተናገሪ። ሰው በተሰበሰበበት።"

"ያፍራል እኮ።"

"እኔ ልፈር።"

አየችኝ። ጣቷን አላስለቀቀችም።

ጾም ስለሆነ ቅቤዋ ብዙም አልተሸጠላትም፤ ይህ ጠቀመን። ጠርሙሷን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ቅሉ ውስጥ ከቅቤው ሥር ቀበርናት። ከሩቅ እየተከተልሁ ኬላው ድረስ ሸኘኋት። ዘቡ አስቆማት። ቅሉን አስከፍቶ ጣቱን እስከ አንጓው ነከረና አሸተተ። እቴ ሙሉ እጇን ዘርግታ ዋጋውን ጠየቀችው። ፊቱን አጨፍግጎ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፤ በእጁ ሂጂ አላት።

ያንን ሱሪ የሰፋው አያ ኑሩ ይሆናል። ወደ ቤቴ ስመለስ ብቻዬን ሳቅሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11

ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ምን እንደተቀደሰ አላውቅም።

የሚያስጨንቁኝ፦ እቴ ሙሉ መንገድ ላይ ብትያዝ። አለቃው አልሰማም ቢል። ጠመንጃውን አስቀድመው ጠርገው ቢሆን። ሰኞ ሌሊት ደመና ሆኖ ባይበርድ።

አንዱን ደግሞ መጻፍ አልፈለግሁም፤ ልጻፈው። ጌታሁን ቅቤው የእኔ መሆኑን ሲሰማ ቂም ቢይዝብኝ።

በአያ ኑሩ ደጅ አለፍሁ። መኪናዋ ታቃስታለች። የካሚዮኑን ዘይት በማንኪያ እያሞቀ ጠብ ጠብ ያደርግላታል፤ ወዲያው ይበርድና እንደገና ትከብዳለች። ሰላምታዬን ከአንገት በላይ አላደረግሁትም። ጎረቤት አየኝ፤ ይየኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሳይ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ደመና መጣ። ደመና ካለ ሌሊቱ ይሞቃል፤ ቅቤውም ይለሰልሳል። ጎረቤቴ ባቄላዋ ገና እሸት ስለሆነ ተመስገን፣ ዛሬስ ውርጭ የለም አለች። አሜን አላልሁም።

ሲመሽ ደመናው ገለጥ አለ። ውርጩ ይጽና ብዬ ጸለይሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ውጭው ነጭ ነው። የእንስራው አፍ ላይ ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ስስ ሆኖ ረግቷል። ደስ አለኝ።

የጎረቤቴ ባቄላ ግን ተቃጥሏል። ማሳው ዳር ቆማ ቅጠሉን በእጇ ትፈትጋለች፤ ይጠቁራል። ጸሎቴን ልነግራት አልቻልሁም። አንድ ቁና ሽምብራ ወሰድሁላት። ደግ ነሽ አለችኝ፤ ያ ከስድብ ይብስ ነበር።

አሁን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ወይም ተነሥተዋል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

እቴ ሙሉ በሦስት ሰዓት ነው የምትደርሰው። አራት ሆነ። አምስት ሆነ። ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አሞራ ይመስል አንገቷን ቀብራለች። መርዶ ነው አልሁ።

"ግቢና ቁጭ በይ፤ ደክሞኛል" አለች። ድካም ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ ወታደር በዝቶ በዱር ዞራ ነው የመጣችው።

እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ላስቸኩላት አልቻልሁም።

አለቃው መጀመሪያ አልሰማም አለ። ሰዎቹም ሳቁ። እቴ ሙሉ ታዲያ አንድ ሌሊት ምን ይጎዳችኋል፣ እንዲያውም ወንድ ከሆናችሁ የሁላችሁም ጠመንጃ ውጭ ይደር አለቻቸው። ይህን እኔ አልላክሁም፤ ከራሷ ነው። ሌላ ጊዜ ጠመንጃቸውን ጋቢ ውስጥ አቅፈው ነው የሚተኙት፤ ስለዚህ ሌሊቱ አይነካውም። በዚያ የቅዳሜ ሌሊት ውጭ ያደረው ዘብ የነበረው የጌታሁን ብቻ ነበር። እልህ ይዟቸው አሥራ አራቱንም ጠመንጃ ባዶ አድርገው ድንጋይ ላይ ደረደሩ።

ጎህ ሲቀድ አለቃው ከጌታሁን ጀመረ። ሳበው፤ ዝም። የሚቀጥለውን ሳበ፤ ዝም። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ዝም አሉ። ዝም ካሉት አንዱ የራሱ የአለቃው ነው። ብረቱን ሲፈቱት ቅቤው እንደ ሻማ ሆኖ ተገኘ። እሳት ዳር ወስደው ጥቂት ሲያሞቁት ያው ጠመንጃ ጠቅ ይላል።

ያን ጊዜ እቴ ሙሉ መሃል ቆማ ቃሌን አደረሰች። የጌታሁንን የቀባችው ሚስቱ ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት ተናገሪ ብላኛለች አለች። ማንም አልሳቀም። እያንዳንዱ የራሱን ሚስት እጅ እያሰበ ነበር መሰለኝ ትላለች።

ጠመንጃውን አለቃው በሁለት እጁ መልሶለታል። ሁሉንም በፈላ ውሃ ሲያጥቡ ውለው ያችን ሁለት ጣት ዘይት ለአሥራ አራት አካፈሏት። አንዳንድ ጠብታ ደርሷል፤ ተርፏልም። ትናንት ማታ አንድ ጥይት ለሙከራ ፈቀዱለት። ተኩሷል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ጠየቅሁ።

"ቅቤው መሆኑን ሲሰማ ምን አለ?"

እቴ ሙሉ ውሃ ጠየቀችኝ። ጠጣች። ከዚያ ነገረችኝ። አዲስ አልሆነበትም። ያኔ እሑድ፣ ጠመንጃውን ሳይቀበሉት፣ ብረቱን ፈቶ አይቶታል። የረጋውን ቅቤ በጣቱ ነክቶ፣ መልሶ ገጥሞ ዝም ብሏል። ይህን ትናንት በአለቃው ፊት አምኗል።

አለቃው ተቆጣው። አውቀህ ሚስቴ የቀባችው ቅቤ ነው ብለህ ለምን አልተናገርህም፣ ጠመንጃህን ልታጣ ነበር እኮ አለው።

"ጠመንጃ ይገኛል" አለ ጌታሁን።

ሌላ ምን አለ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት። ሌላ አላለም አለች።